ጥይትና ጥርስ፦ የየሎውስቶን ሰሜናዊ መንጋ ጉዳይ

ጃንዋሪ 12 ቀን 1995 አንድ የጭነት ተሽከርካሪ በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት ጋርዲነር በተባለች ትንሽ ከተማ ባለው የድንጋይ ቅስት ሥር አልፎ ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተሽከርካሪው ከካናዳ፣ ከአልበርታ የተያዙ ስምንት ተኩላዎችን ይዟል። የትምህርት ቤት ልጆች መንገድ ዳር ወጥተው ተቀበሏቸው። የመንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የሚመለከታቸው ሚኒስትር ብሩስ ባቢት ከሣጥኖቹ አንዱን ከሌሎች ጋር ተሸክመው ወደ ማላመጃው በረት አደረሱ። ይሁንና የከብት አርቢዎች ጠበቆች የፍርድ ቤት እግድ አውጥተው ስለነበር፣ እግዱ እስኪነሣ ድረስ እንስሳቱ ሣጥን ውስጥ እንደተዘጉ ዋሉ።

በዚያው ወር፣ ከዚያው ቅስት ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አዳኞች ከፓርኩ ጥልቅ በረዶ ሸሽተው ወደ ዝቅተኛው ሸለቆ የሚወርዱ እንስት ኤልኮችን በሕጋዊ ፈቃድ ይተኩሱ ነበር። ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የሚካሄድ፣ «የጋርዲነር ዘግይቶ አደን» የሚባል አደን ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በፊት በር ተኩላ ሲያስገባ፣ የሞንታና ግዛት በጓሮ በኩል የአደን ፈቃድ ይሰጣል። አንድ መንጋ (የፓርኩ ሰሜናዊ የኤልክ መንጋ)፣ ሁለት በላተኞች። «የዱር እንስሳትን ቁጥር ማን ይቆጣጠር፣ ጠመንጃ ወይስ አውሬ?» የሚለው የቆየ ሙግት እንደዚህ በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን ተገናኝቶ የተፈተነበት ሌላ ስፍራ አላውቅም።

ስለ እንስሳቱ ጥቂት ልበል። ኤልክ ትልቅ የዋላ ዝርያ ነው፤ እንስቷ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች። ተኩላ ስል ደግሞ እኛ አገር አንዳንዴ በዚሁ ስም የሚጠራውን ዥንጉርጉሩን የዱር ውሻ ወይም የባሌንና የሰሜንን ቀይ ቀበሮ ማለቴ አይደለም። ቀይ ቀበሮ የግራጫው ተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግን ክብደቱ 20 ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ኑሮውም በአይጥና በፍልፈል ላይ ነው። የየሎውስቶኑ ወንድ ተኩላ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከመንጋው ጋር ሆኖ ከራሱ አራትና አምስት እጥፍ የምትከብደውን ይጥላል።

ፓርኩ በ1872 ሲቋቋም ከእነዚህ እንስሳት አንዱም በቂ ጥበቃ አልነበረውም። ሥጋና ቆዳ የሚሸጡ አዳኞች ኤልኩን በሺዎች ጨፈጨፉት። በ1883 በፓርኩ ውስጥ አደን ተከለከለ፤ በ1886 የጦር ሠራዊት ጥበቃውን ተረከበ። እዚህ ላይ ነው ለኛ ዘመን ግራ የሚያጋባው ነገር የመጣው፦ ኤልክን መጠበቅ ማለት ተኩላን መግደል ማለት ሆነ። መርዝ ተነሰነሰ፣ ወጥመድ ተዘረጋ፣ ጥይት ተተኮሰ። በፓርኩ ውስጥ መገደላቸው የሚታወቅ የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 የሞቱ ሁለት ግልገሎች ናቸው፤ የገደሏቸውም የፓርኩ ጠባቂዎች ራሳቸው ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሥራቸውን በትጋት ይሠሩ ነበር። ዘመኑ አውሬን «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብሎ ይከፍል ነበር፣ ሣር የሚበላው ጥሩ፣ ሥጋ የሚበላው መጥፎ።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። ኤልኩ በዛ፤ የሰሜኑ ሸለቆዎች ሣርና ቁጥቋጦ እየተጋጠ ሳሳ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ፣ የተኩላውን ሥራ የሚሠራ ስለጠፋ፣ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተኩላ ሆኑ። ኤልክ እያጠመዱ ወደ ሌሎች ግዛቶች ላኩ፤ የተረፈውን ተኮሱ። በ1961 እና 1962 መካከል በነበረው ክረምት ብቻ ከ4300 የሚበልጥ ኤልክ በመንግሥት ጠባቂዎች ጥይት ወደቀ። ሥጋው ባይባክንም ምስሉ ሕዝቡን አስቆጣ። ከሁሉ የባሰ የተቆጡት ግን የእንስሳት ወዳጆች ሳይሆኑ አዳኞች ነበሩ፦ «መገደላቸው ካልቀረ ለምን እኛ አንገድላቸውም?» አሉ። ጥያቄው ከላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። በ1963 በስታርከር ሊዮፖልድ የተመራው የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን ፓርክ የአደን ሜዳ መሆን የለበትም አለ፤ ቅነሳ ካስፈለገ በጠባቂዎች ይደረግ፣ ተፈጥሮ ራሷ ልትቆጣጠር በምትችልበት ቦታ ደግሞ የተሻለው እሱ ነው አለ። ነገሩ በ1967 እስከ አሜሪካ ሴኔት ደርሶ መሰማት ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ተኩሱ በይፋ ቆመ። ያን ጊዜ ከአየር ሲቆጠር መንጋው ከ4000 በታች ነበር።

ከዚያ በኋላ «ተፈጥሮ ትቆጣጠረዋለች» የሚለው መመሪያ ተያዘ። ይህን መመሪያ እኔ ግማሽ እውነት እለዋለሁ። ተፈጥሮ ትቆጣጠራለች የተባለው ከተፈጥሮ ዋናው ተቆጣጣሪ በሌለበት ነው። ድብና ኮዮቴ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ነበሩ፤ ፑማ የሚባለው ትልቅ የድመት ዘርም ቀስ በቀስ ተመልሶ ነበር፤ ተኩላ ግን የለም። ስለዚህ መንጋውን የሚቆርጠው በዋናነት ሁለት ነገር ሆነ፦ ከባድ ክረምትና ከፓርኩ ድንበር ውጭ የሚጠብቀው አዳኝ። በ1988 ከፓርኩ ሲሶ በላይ የሚሆነው በእሳት ተለበለበ፤ ተከታዩ ክረምት ብዙ ሺህ ኤልክ ፈጀ። ያም ሆኖ በ1994 የተደረገው ቆጠራ 19045 ኤልክ አሳየ። ተኩላዎቹ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው።

ተኩላዎቹ በጠቅላላው 31 ነበሩ፦ በ1995 ከአልበርታ 14፣ በ1996 ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ 17። የመመለሳቸው ሕጋዊ ምክንያት ኤልክ መቀነስ አልነበረም፤ የጠፋን ዝርያ ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ይሁንና ሁሉም ሰው የሚያሰላው ስለ ኤልኩ ነበር። አርቢው ኤልኩ ሲያልቅ ወደ ጊደሬ ይዞራል ብሎ ፈራ፤ ዲፌንደርስ ኦቭ ዋይልድላይፍ የተባለው ድርጅት ለተበሉ ከብቶች ካሳ ይከፍል ነበር፣ ፍርሃቱን ግን ገንዘብ አላስቆመውም። በ1997 አንድ የፌዴራል ዳኛ ተኩላዎቹ እንዲወጡ ፈረደ፤ ፍርዱ እስከ ይግባኝ ታግዶ ቆይቶ በ2000 ተሻረ። በዚህ መሐል ተኩላዎቹ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ተዋልደው በዙ። በ2003 በፓርኩ ውስጥ 174 ተቆጠሩ።

ኤልኩ ደግሞ ወረደ። ከ1994ቱ 19 ሺህ በ2003 ወደ 9 ሺህ፣ በ2013 ወደ 3915። ይህን መስመር በወረቀት ላይ ያየ ሁሉ፣ ተኩላ ሲወጣ ኤልክ ሲወርድ፣ ሁለቱን አገናኘ። አዳኙ «ተኩላ መንጋችንን ጨረሰው» አለ፤ የተኩላ ወዳጅ በበኩሉ «ተኩላ ሚዛኑን መለሰው» አለ። የሚገርመው ሁለቱ ተቃራኒዎች በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው፤ ሁለቱም ሥራውን ለተኩላ ሰጡ። ጋርዲነር በር ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመውን ሰው ሁለቱም ረሱት።

እሱ ግን ሥራ ላይ ነበር። ዘግይቶ የሚካሄደው አደን በአማካይ በዓመት ወደ 1000 ኤልክ ይወስድ ነበር፤ ተኩላዎቹ ከገቡ በኋላም ለዓመታት ከ2000 በላይ ፈቃድ መሰጠቱ ቀጠለ። ፈቃዱ ቀንድ ለሌላቸው፣ ማለትም በአብዛኛው ለእንስቶች ነበር። በ1996 እና 1997 መካከል የነበረው ክረምት ደግሞ እጅግ የከፋ ስለነበር ኤልኩ በብዛት ከፓርኩ ወጣ፣ በብዛትም ተመታ። ዝናብም ለዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ተኩላ ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን ዓመታት መዝግቦ፣ አደኑና የአየር ጠባዩ ብቻ ቢሆኑ መንጋው ወዴት ይሄድ ነበር ብሎ አሰላ። ሲያነጻጽረው እስከ 2004 የታየውን ቅነሳ አደንና ድርቅ ብቻቸውን ሊያስረዱት እንደሚችሉ አገኘ፤ ተኩላ በዚያን ጊዜ የሚበላው በአብዛኛው ያለ ተኩላም ሊሞት የነበረውን ነው የሚል አንድምታ ነበረው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ በእኔ አመለካከት የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። መልሱም ያለው በጥርስ ላይ ነው። የኤልክ ጥርስ እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበት ስለሚይዝ፣ ተሰንጥቆ ሲታይ ዕድሜ ይናገራል። ተመራማሪዎች ተኩላ የገደላቸውንና አዳኝ የገደላቸውን ጥርሶች ሰብስበው አወዳደሩ። አዳኞች የመቷቸው ትልልቅ እንስቶች አማካይ ዕድሜ 6.5 ዓመት ሆነ። ተኩላ የጣላቸው አማካይ ዕድሜ 13.9።

ከብት ያረባ ሰው ይህን ልዩነት ያለ ማስረጃ ይገነዘበዋል። ገበሬ ቸግሮት ላም መሸጥ ግድ ቢሆንበት የነጠፈችውን ይሸጣል እንጂ ገና ሁለትና ሦስት ጊዜ የወለደችውን አይነካም። ስድስት ዓመት የሞላት ኤልክ በሙሉ ጉልበቷ ላይ ናት፤ ገና ብዙ ግልገል ትወልዳለች። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ጥርሷ አልቋል፣ መገጣጠሚያዋ ተበልቷል፣ መውለዷም ወደ ማብቃቱ ነው። አንዷን ከመንጋው መውሰድ የመንጋውን ነገ መውሰድ ነው፤ ሌላዋን መውሰድ ብዙም አይጎዳውም። ሁለት ሬሳ በቆጠራ ሁለት ነው፤ በመንጋው ታሪክ ግን እኩል አይደለም።

ልዩነቱ የመጣው ደግሞ ከጭካኔ ወይም ከደግነት ሳይሆን ከአሠራር ነው። ተኩላ ይፈትናል። መንጋውን ያስሮጣል፣ ይመለከታል፣ የምታነክሰውን፣ የምትዘገየውን ይለያል፤ እንዲህም ሆኖ አምስት ጊዜ ሞክሮ አንዴ እንኳ ላይሳካለት ይችላል። ጤነኛ ኤልክ በርግጫ የተኩላ የራስ ቅል ልትሰብር ስለምትችል፣ ለተኩላ ምርጫ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ይህ ስጋት የለበትም። ከሁለት መቶ ሜትር ላይ የታየችው ሁሉ ትመታለች፤ እንዲያውም ደልዳላና ወፍራሟ ትመረጣለች። በየትኛዋ ጉልበት ውስጥ ቁርጥማት እንዳለ በመነጽር አይታይም።

ነገር ግን ተኩላን መልአክ ማድረግ የዚህን ጉዳይ ግማሽ መደበቅ ነው። ተኩላ ግልገልም ይወዳል፤ በክረምት ከሚገድላቸው ትልቅ ድርሻ ያለው ዓመት ያልሞላው ነው። ከ2003 እስከ 2005 በጆሯቸው ላይ የራዲዮ ምልክት የተደረገባቸው 151 ግልገሎች ሲጠኑ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ተጠያቂ ብቅ አለ፦ በመጀመሪያው ወር ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የገደለው ድብ ነው፤ ግሪዝሊና ጥቁር ድብ። የተኩላ ድርሻ ከአምስት አንድ አይሞላም። ሰው «ተኩላ ወይስ አዳኝ» እያለ ሲከራከር ድቡ በሣሩ መሐል በዝምታ ሲለቅም ነበር። ድቡን የሚከስ ሰው ግን ብዙ አልሰማሁም፤ ተኩላ የሚሸከመው ስም ከጥርሱ ይከብዳል።

ሁለተኛው ለተኩላ ወገን የማይመች እውነት ከአደኑ መቆም በኋላ ያለው ነው። ሞንታና መንጋው መውረዱን ስታይ ፈቃዱን ቀነሰች፤ በ2006 ወደ 100 አወረደችው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጭራሹኑ አስቀረችው። አዳኞችን እየመሩ የሚተዳደሩ፣ ከባድ ክረምትን በዚያ አደን ገቢ የሚያልፉ የጋርዲነር ሰዎች ሥራቸውን አጡ፤ ቅሬታቸው የሚያስቅ አይደለም። ኤልኩ ግን ወዲያው አልተነሣም። ሕጋዊው የእንስቶች አደን ከቆመ በኋላም ቁጥሩ እስከ 2013 ወረደ። እንግዲህ እስከ 2004 ያለውን ውድቀት ለአዳኝ የሰጠው ስሌት ለኋለኞቹ ዓመታት አይበቃም። መንጋው አንዴ ካነሰ በኋላ ድብ፣ ፑማና ተኩላ ተባብረው ዝቅ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ። የጠመንጃ አንድ በጎነት እዚህ ላይ ይታያል፦ በአንድ ፊርማ ይቆማል። ለተኩላ ደብዳቤ አይጻፍለትም።

ሆኖም ተኩላም የራሱ ልጓም አለው። ኤልኩ ሲያንስ የሰሜኑ ተኩላ በ2007 ከ90 በላይ ከነበረበት በሦስት ዓመት ውስጥ ከ50 በታች ወረደ። ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ግልገሎቻቸውን ፈጀ፤ እከክ ጸጉራቸውን ገፈፈ፤ ከሁሉ በላይ ግን ለመሬት ሲሉ እርስ በርስ ተገዳደሉ። የበላተኛው ቁጥር የተበዪውን ተከትሎ መውረዱ ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። በ2018 ኤልኩ ወደ 7500 አንሰራራ። ለእኔ ያ ቁጥር ከ19 ሺሁ የበለጠ ጤናማ ነው፤ ያ የቀድሞው ብዛት የአንድ ጉድለት ውጤት እንጂ የመሬቱ መደበኛ መልክ አልነበረም። የጋርዲነር ሰው በዚህ እንደማይስማማኝ አውቃለሁ።

ስለ ዕፅዋቱ ብዙ አልቆይም፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ይኸው ክፍል ነው፣ ብዙውንም በማጋነን። ተኩላ መጣ፣ ኤልክ ፈራ፣ አኻያ አደገ፣ ቢቨር (በእንጨት ወንዝ የሚገድበው እንስሳ) ተመለሰ፣ ወንዙ አቅጣጫውን ቀየረ ይባላል። ከዚህ እውነትነት ያለው አለ፦ በብዙ ቦታ አኻያና አስፐን የሚባለው ዛፍ ቁመት ጨምረዋል፤ በሰሜኑ ክፍል በ1996 አንድ ብቻ የነበረ የቢቨር ሰፈር ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ወደ ዘጠኝ ደርሷል። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ የመስክ ሙከራ እንዳሳየው፣ ቢቨር ጠፍቶ ወንዙ በጥልቀት በተቦረቦረበት ቦታ የከርሰ ምድሩ ውኃ ስለሸሸ፣ ኤልክ ቢቀንስም አኻያው እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሰባ ዓመት የሌለን አውሬ በሳጥን አምጥቶ መፍታት ይቻላል፤ ሰባ ዓመት የተሸረሸረን የወንዝ ወለል ግን ማንም አይሞላውም።

ወደ ድንበሩ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጠነክረው እዚያ ነውና። ተኩላ በፓርኩ ውስጥ አይታደንም፤ ነገር ግን ድንበሩ በካርታ ላይ ያለ መስመር ነው፣ ኤልክን ተከትሎ የሄደ ተኩላ አያውቀውም። ኮንግረስ በ2011 ለተኩላ የነበረውን የፌዴራል ጥበቃ በሞንታና ላይ ካነሣ በኋላ ግዛቲቱ ተኩላ ማደን ፈቀደች። ለዓመታት ከፓርኩ ጋር በሚዋሰኑት ቀበሌዎች ጥብቅ ኮታ ነበር፤ በ2021 ኮታው ተነሣ። በዚያው ክረምት ከፓርኩ መንጋዎች 25 ተኩላዎች ድንበር ሲሻገሩ ተገደሉ፤ አንድ መንጋ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። በፓርኩ ውስጥ ተኩላ አይቶ ለመሄድ የሚመጣው ቱሪስት የሚያወጣው ገንዘብና ከድንበር ውጭ የተኩላ ቆዳ የሚያወጣው ዋጋ አይወዳደርም። ጩኸቱ በበረታ ጊዜ ሞንታና በቀጣዩ ዓመት ኮታውን መልሳ በድንበሩ ቀጠና 6 አደረገችው። በዚህም አንድ ትልቅ ክብ ተዘጋ፦ በ1926 ኤልክን ለማዳን ተኩላ የተገደለባት ምድር፣ በ2021 በግማሽ ያንኑ ምክንያት እየሰጠች ተኮሰች። ልዩነቱ አሁን ገዳዩ ፈቃድ በኪሱ መያዙ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ሙግት እየመጣ ነው። ኤልኩ ከሳሳ ወዲህ በሰሜኑ ሸለቆ የአሜሪካ ጎሽ፣ ባይሰን የሚባለው፣ ተበራክቷል። ተኩላ ኤልክን በአራት አባላት ብቻ ሊጥል ይችላል፤ ጎሽን ለመጣል ግን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ያስፈልጉታል፤ ያም ብዙ ጊዜ አይሞክረውም። ስለዚህ ጎሹን ከከባድ ክረምት በቀር የሚቀንሰው በዋናነት ያው ሰው ሆኗል። ከ2022 እስከ 2023 በነበረው ከባድ ክረምት ብቻ ከፓርኩ የወጡ ከ1000 በላይ ጎሾች ታደኑ፤ አብዛኛውን ያደኑት በጥንታዊ ውላቸው መሠረት የማደን መብት ያላቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ቦታው ጋርዲነር አጠገብ ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ከድንጋይ ቅስቱ ብዙም አይርቅም።